ከተከሳሽነት ወደ ዘብነት፦ የእርጎ ባክቴሪያና የጥርስ ሽቦ ታሪክ

በ1683 በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ ይኖር የነበረው አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ ከጥርሶቹ መካከል የተጠራቀመውን ነጭ ዝቃጭ ፍቆ ከንጹሕ ውኃ ጋር ቀላቀለና ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር ተመለከተው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያየው ነገር እጅግ አስደነቀው። በባዶ ዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረታት ወዲያና ወዲህ ይርመሰመሱ ነበር። ግኝቱንም ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አስታወቀ። ሌዌንሁክ በሙያው የጨርቅ ነጋዴ ሲሆን፣ ጥርሱን ዘወትር በጨው እያሸ የሚያጸዳ ሰው ነበር። ንጹሕ በሚባል አፍ ውስጥ እንኳ ባክቴሪያ እንደማይጠፋ ለመመስከር የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ።

ከእነዚህ ፍጥረታት መካከል ጥርስን የሚያበላሸው የትኛው ነው? በጎውን በክፉው ላይ አስነሥቶ ጥርስን መጠበቅስ ይቻላል? እነዚህ ጥያቄዎች ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን አከራክረዋል። ዛሬ ከማንም በላይ የሚመለከቱት ግን ጥርሱን ለማስተካከል ሽቦ ያሰረውን ወጣትና ወጪውን የሚሸፍነውን ወላጅ ነው።

ጥርስን በመሣሪያ የማቃናት ሙያ ረጅም ዕድሜ አለው። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥርሶች በክር እየታሰሩ ወደ መስመራቸው የሚሳቡበትን ቀስት መሰል መሣሪያ ገልጿል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ሙያውን በሥርዓት አደራጀው። እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሽቦውን ለመያዝ ጥርሶቹን በብረት ቀለበት መክበብ የተለመደ ነበር። በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ የጥርስ ሽፋን በአሲድ ጥቂት ሲሻክር ሙጫ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። ከዚህ በኋላ ሽቦውን የሚሸከሙትን ትንንሽ መያዣዎች በቀጥታ በጥርስ ላይ መለጠፍ ተቻለ።

ነገር ግን መሣሪያው ጥርስን ሲያቃና ለባክቴሪያም መሸሸጊያ ይሠራል። በሽቦውና በመያዣው ዙሪያ የምግብ ትርፍራፊ ይጠራቀማል፤ ብሩሽም ወደዚያ በቀላሉ አይደርስም፤ ምራቅም እንደ ወትሮው አያጥበውም። በ1982 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ በሽቦ ከታከሙት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ በአንድ ጥርሳቸው ላይ ነጭ ነጥብ እንደታየባቸው ዘግቧል። ይህ ነጥብ ጥርሱ ማዕድኑን ማጣት መጀመሩን የሚያሳይ የመበስበስ መነሻ ነው። ጽዳት በተጓደለበት ቦታ ነጥቡ በ4 ሳምንት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ዓመታት የፈጀው ሕክምና ተጠናቅቆ ሽቦው ሲፈታ፣ ጥርሱ ቀጥ ብሎም ተዥጎርጉሮ ይገኛል።

የጉዳቱን ሥር የገለጸው በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ዊሎቢ ሚለር ነው። በ1890 ባሳተመው ሥራው፣ የአፍ ባክቴሪያዎች ስኳርና ስታርች ተመግበው አሲድ እንደሚያመነጩ፣ አሲዱም የጥርስን ማዕድን እንደሚያሟሟ አስረዳ። ሚለር ግን ጥፋቱን በአንድ ዝርያ ላይ አልጣለም። ተከሳሽ ፍለጋው የተጧጧፈው ከእርሱ በኋላ ነበር።

በ1920ዎቹ ብዙዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በላክቶባሲለስ ላይ ነበር። ይህ ወተትን ከሚያረጉት ባክቴሪያዎች ወገን የሆነ፣ አሲድ የሚያመነጭና ራሱም አሲድን የሚቋቋም ፍጡር ነው። በምራቅ ውስጥ ያለውን የላክቶባሲለስ ብዛት ቆጥሮ የመበስበስን አደጋ መገመትም ልማድ ሆነ። በዚያው ዘመን፣ በ1924፣ ኪሊያን ክላርክ የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝ አገር ከተበላሹ ጥርሶች ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስን ለይቶ አወጣ፤ ሆኖም ግኝቱ ለአሥርት ዓመታት ችላ ተባለ። በ1954 በአሜሪካ ባክቴሪያ በሌለበት ሁኔታ ያደጉ አይጦች ስኳር የበዛበት መኖ ቢመገቡም ጥርሳቸው እንዳልበሰበሰ ታየ። በ1960 ደግሞ ፖል ኪስ በሃምስተሮች ላይ ባደረገው ምርምር፣ በሽታው ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ የክላርክ ባክቴሪያ ወደ ፊት መጣ። ላክቶባሲለስም ጥፋቱን ከሚጀምሩት ይልቅ የተጀመረውን ከሚያባብሱት ጋር ተቆጠረ።

በሌላ ወገን ያው የላክቶባሲለስ ነገድ ወዳጅ ተብሎ ይወደስ ነበር። በፓሪስ ፓስተር ተቋም የሚሠራው ኢሊያ ሜችኒኮፍ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የረጋ ወተት ባክቴሪያ አንጀትን ከጎጂ ተሐዋስያን እንደሚጠብቅና ዕድሜን እንደሚያረዝም ተከራከረ። የዛሬው የፕሮባዮቲክ አስተሳሰብ፣ ማለትም በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና የሚጠቅም ሕያው ተሐዋስ አለ የሚለው እምነት፣ መነሻው ከዚህ ነው።

ሐሳቡ ከአንጀት ወደ አፍ እስኪሻገር ብዙ ጊዜ ወሰደ። በ2001 የታተመ የሄልሲንኪ ጥናት 594 የመዋያ ሕፃናትን አሳትፎ ነበር። ለ7 ወራት ከፊሎቹ ላክቶባሲለስ ጂጂ የተጨመረበት ወተት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ተራ ወተት ጠጡ። ባክቴሪያ የተጨመረበትን ወተት በጠጡት ዘንድ፣ በተለይም በ3 እና በ4 ዓመት ሕፃናት፣ የመበስበስ አደጋ ቀንሶ ታየ። የቀድሞው ተከሳሽ ዘብ ሆኖ ቆመ።

ተራው የሽቦ ታካሚዎች ሆነ። በ2009 የታተመ የቱርክ ጥናት፣ ሽቦ ያሰሩ 24 ሰዎች ቢፊዶባክቴሪየም ያለበትን እርጎ ለ2 ሳምንት በየዕለቱ ሲመገቡ በምራቃቸው ውስጥ ያለው የስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ መጠን መቀነሱን አሳየ። ተስፋው ትልቅ ነበር። ይሁን እንጂ የባክቴሪያ ቁጥር ቀነሰ ማለት ጥርስ ዳነ ማለት አይደለም። በ2016 የታተመ የግሪክ ጥናት ይህንኑ መዘነ። ሽቦ ያሰሩ 85 ታካሚዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ላክቶባሲለስ ሬውቴሪ ያለበትን የሚመጠጥ ክኒን፣ ሌላው ባክቴሪያ የሌለበትን ተመሳሳይ ክኒን ከአንድ ዓመት በላይ ወሰዱ። ሽቦው ሲፈታ በነጭ ነጥቦቹ ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ላክቶባሲለስ ወዳጅ ወይም ጠላት የሚሰኘው በዝርያው፣ በቦታውና በሚያገኘው ስኳር መጠን ነው። በአንድ ጥናት የተመሰገነ ዝርያ በሌላ ምርት ውስጥ አለ ብሎ ማመንም አይገባም። በየቤቱ በቅል የሚረጋው እርጎ መልካም ምግብ ቢሆንም፣ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ከቤት ቤት ስለሚለያዩ ለጥርስ መድኃኒት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። ስኳር የተጨመረበት የሱቅ እርጎማ ለአሲድ አምራቾቹ ድግስ ነው።

ስለዚህ ሽቦ ያሰረ ሰው የሚታመንበት ጋሻ ዛሬም የቀድሞው ነው፦ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ በመያዣዎቹ ዙሪያ ሁሉ መቦረሽ፣ ጣፋጭን ማሳነስ፣ ሐኪምን በቀጠሮው ማየት። የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ በሚበዛበት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚኖሩ ደግሞ የሚበጃቸውን መጠን ከጥርስ ሐኪም ቢጠይቁ ይሻላል። ፕሮባዮቲኩ አንድ ቀን ከጋሻው ጎን ይሰለፍ ይሆናል፤ ጋሻውን አስጥሎ በቦታው ለመቆም ግን ማስረጃ አላቀረበም። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው የአበው ምክር ለጥርስም ይሠራል።