ካሴቱ በማን እጅ ይሁን? ከጎንደር ቴፕ እስከ ቤት ሰርቨር

ጎንደር ገጠር የቀረ አባት እስራኤል ለገባ ልጁ ወሬውን እንዴት ያደርስለት ነበር? ብዙዎቹ አባቶች ደብዳቤ አይጽፉም ነበርና ቴፕ ፊት ተቀምጠው ተናገሩ። ከ1984ቱ ዘመቻ ሙሴ በኋላ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ ሲቀር፣ በመንገደኛ እጅ የተላኩ ካሴቶች ሰላምታውን፣ የተወለደውንና የሞተውን፣ የእህሉንና የከብቱን ነገር ይዘው ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ነበር። ሳቭታ ቁምሳጥን ውስጥ ያለችው የብስኩት ጣሳ ምናልባት ከእነዚህ አንዱን ይዛ ይሆናል። ክፈቷት እስኪ።

ነገሩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። መርዶ ያለበት ካሴት እንደ ሰላምታ ካሴት ጎረቤት ተጠርቶ አይሰማም። ማን ይስማው፣ መቼ ይስማው የሚለውን የሚወስነው ካሴቱን በእጁ የያዘው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም የቤቱ ታላቅ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ካሴትን ፊሊፕስ ያወጣው በ1963 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያኔ ዘመኑ የሸክላ ነበር፤ አምሃ እሸቴ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም የጀመረው በ1969 ነው። ካሴቱ ሲመጣ ሸክላውን ከገበያ አስወጣው። ሸክላ ፋብሪካ ይፈልጋል፣ ካሴትን ግን ሁለት ቴፕ ያለው ሁሉ ይገለብጠዋል። ለዘፋኞቹ ይህ ኪሳራ ነበር፤ የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ2004 ነው። ለቤተሰብ ግን በረከት ሆነ። የሰው ዘፈንና ፊልም መገልበጥና የራስን ሰርግ ማባዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው።

በግንቦት 1991 ዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ አመጣ። ሰዉ የገባው ባዶ እጁን ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የብዙ ቤት የምስል ታሪክ የሚጀምረው እዚሁ፣ መርካዝ ክሊታ ውስጥ በተነሱ ፎቶዎችና በቪዲዮ ካሴት ነው። ቤርሼቫ ሽኩና ኣሌፍን የመሰሉ የድሮ ብሎክ ቤቶች የተሠሩት ከእኛ በፊት ለመጡ ስደተኞች ነበር፤ በኋላ በእነሱ ሳሎን የእኛ ሰርግ፣ ባር ሚጽቫና ሲግድ በቪዲዮ መታየት ጀመረ። ካሴቱም አዲስ አበባና ጎንደር ሆነው ተራቸውን ለሚጠብቁ ዘመዶች ይላክ ነበር። እነሱ ሙሽራዋን ብቻ ሳይሆን ሶፋውንም፣ መጋረጃውንም አይተውበታል!

አሁን ቴፑ እየሞተ ነው። የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ የሚሠራው የመጨረሻው ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ሥራውን ያቆመው በሐምሌ 2016 ነው። ዩኔስኮና የዓለም የድምፅ መዛግብት ማኅበር በ2019 ማንቂያ ሲያወጡ፣ ባለሙያዎቹ ያስቀመጡት ቀነ ገደብ 2025 ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ማሽንም፣ የሚጠግን ሰውም፣ መለዋወጫም በቀላሉ አይገኝም ማለት ነው። ስለዚህ የሶፍትዌር ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። በኤምፒ4 ፋይል፣ በኤች 264 ከሆነ አብዛኛው ዘመናዊ ቴሌቪዥን ያጫውተዋል፤ አንድ ሰዓት ቀረጻ ወደ 2 ጊጋባይት ይይዛል። የ100 ሰዓት ሰርግና ሲግድ እንኳ ርካሽ ሃርድ ዲስክ አይሞላም።

ከዚያስ የት ይቀመጥ? ዋትስአፕ ምስሉን ጨምቆ ያበላሸዋል። ጉግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥን በሰኔ 2021 አቆመ። ማይስፔስ ደግሞ ሰዎች ለ12 ዓመት የጫኑትን ሙዚቃ አጥፍቶ በ2019 ይቅርታ ጠየቀ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ቤቱ አስቀምጦ፣ የዘመድ ቴሌቪዥን ሁሉ ከእሱ እንዲያይ የሚያደርገው። የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ብቻ ነው፣ ሶፍትዌሩም የራሱ ታሪክ አለው።

በ2002 በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ኤክስቦክስ የተባለውን የጨዋታ ማሽን ፊልም ማጫወቻ የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፉ፤ ኮዱንም ለማንም ክፍት አደረጉት። ኤክስቢኤምሲ ይባል ነበር፣ ከ2014 ወዲህ ኮዲ ሆኗል። ከእሱ የወጣ ቅርንጫፍ በ2008 ፕሌክስ የሚለውን ስም ያዘ፣ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያ ሆነ። ኤምቢ የሚባለው ሌላው ሶፍትዌር ክፍት ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2018 መጨረሻ ኮዱን ዘጋ። የተቃወሙት ሰዎች የመጨረሻውን ክፍት ኮድ ወስደው በዚያው ወር ጄሊፊንን መሠረቱ። የተዘጋውን በር ትተው በጎን ሌላ በር አወጡ።

ፕሌክስ ለጀማሪ ቀላል ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። አክስት ቴሌቪዥኗ ላይ አፑን ጭና በአምስት ደቂቃ ትገባለች። ግን የምትገባው በኩባንያው በኩል ነው፤ ፋይሉ ሽኩና ኣሌፍ፣ የመግቢያ ስሟ ደግሞ አሜሪካ። በነሐሴ 2022 የተጠቃሚዎች ኢሜይልና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል ተሰርቆበታል። በኅዳር 2023 ሰዎች ምን እንዳዩ የሚዘረዝር ሳምንታዊ ኢሜይል ለጓደኞቻቸው መላኩ ብዙዎችን አስቆጣ። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ደግሞ ከቤት ውጭ ሆኖ የራስን ቪዲዮ ማየት ክፍያ አለው፤ የዕድሜ ልኩ ዋጋ ከ120 ወደ 250 ዶላር ገደማ ወጣ።

እኔ ለቤተሰብ የምመርጠው ጄሊፊንን ነው። ነፃ ነው፣ የሰዎቹም ስም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ልፋት ግን አለው። ሰርቨሩን በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ አደጋ ነውና እንደ ቴይልስኬል ያለ የግል መስመር መዘርጋት አለባችሁ፤ ማሻሻያም በየጊዜው መጫን ያስፈልጋል። ሁሉን የሚያውቀው ልጅ ጻባ ሲገባስ? ሁለተኛ ሰው የይለፍ ቃሉን ካላወቀ ሳቭታ ቴሌቪዥኗ ፊት ባዶ ስክሪን ይዛ ትቀራለች። ኮምፒውተሩንም እሷ ቤት አስቀምጡት ባይ ነኝ፤ ብዙ የምታየው እሷ ናት፣ በራሷ ቤት መስመር ደግሞ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ታያለች። የፋይሎቹ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ቤት ይሁን።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ይመጣል። ጄሊፊን ማን የትኛውን ማኅደር እንደሚያይ በየሰው ለይታችሁ እንድትፈቅዱ ያደርጋል። ሰርጉን ለሁሉም ክፈቱት። የለቅሶውን ካሴት ግን፣ ወይም አያታችሁ በሱዳን መንገድ የቀረ ልጃቸውን ስም እየጠሩ የተናገሩበትን፣ ለጓደኛ ከመክፈታችሁ በፊት ታላቆቹን ጠይቁ። ስትጠይቁም ስልካችሁን ቀረጻ ላይ አድርጉት፤ ካሴቱ ውስጥ ጥግ ላይ የቆመው ሰውዬ ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣ ያን ጊዜ ይነግሯችኋል። ስሙንና መንደሩን የፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም።