ደረሰኝ መጠየቅ ስድብ አይደለም፦ ከአሜሪካ የሠፈር ትምህርት ቤቶች ታሪክ



በዚህ እትም ልጽፍላችሁ የመረጥኩት ከእኛ ሩቅ ስለሚመስል ጉዳይ ነው። በአሜሪካ፣ ከትልልቅ ከተሞች ዳር ባሉ ሠፈሮች፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ማን ይመራቸዋል? ገንዘባቸውስ እንዴት ይጠበቃል? አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን «እዚህ ሠፈር የገባነው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ብለን ነው» ሲሉ ብዙዎቻችን ሰምተናል። እኔ ደግሞ ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ስለሆነ፣ የብዙ ሰው ገንዘብ በጥቂት ሰው እጅ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ እወዳለሁ። ማኅበራችንም የቆመው በዚሁ በአደራ ገንዘብ ላይ ነው።

ትምህርት ቤቱ የማን ነው?

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ከላይ ሆኖ የሚመራ አንድ ሚኒስቴር የለም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አይናገርም፤ ሥራው የየግዛቱ ነው። ግዛቶቹ ደግሞ አብዛኛውን ሥራ «የትምህርት ዲስትሪክት» ለሚባሉ የአካባቢ አስተዳደሮች ሰጥተዋል።

ይህ ልማድ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1647 በማሳቹሴትስ የወጣ ሕግ 50 አባወራ ያለው መንደር ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር መምህር እንዲቀጥር፣ 100 አባወራ ያለው ደግሞ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት እንዲከፍት አዘዘ። ኒው ዮርክ በ1812 ባወጣችው ሕግ ግዛቱ በትንንሽ የትምህርት ዲስትሪክቶች ተከፋፍሎ ነዋሪው የራሱን ኃላፊዎች እንዲመርጥ ተደረገ። ነገር ግን ገንዘቡ ሲያንስ የጎደለውን ወላጆች በልጆቻቸው ቁጥር ልክ ይከፍሉ ነበር። መክፈል ያቃተው ወላጅ ልጁን ከትምህርት ያስቀራል። ይህ ክፍያ የተሰረዘው በ1867 ነው።

በ1853 ደግሞ ጎረቤት ዲስትሪክቶች ተጣምረው፣ ቦርድ መርጠው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ዛሬም በኒው ዮርክ ከተማ ዙሪያ ያሉ ብዙ ዲስትሪክቶች «ዩኒየን ፍሪ» የሚል ስም የያዙት ከዚያ የተነሣ ነው፤ የተጣመረና ነጻ ማለት ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በግብር መከፈሉን ግን ሁሉም አልወደደውም። በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ ጥቂት ግብር ከፋዮች «ይህ ለጥቂቶች የሚሆን ቅንጦት ነው፤ ከእኛ ግብር ሊከፈል አይገባም» ብለው ከሰሱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1874 ነዋሪው ከፈቀደ ለሁለተኛ ደረጃም ግብር ሊሰበሰብ ይችላል ብሎ ወሰነ። ሌሎች ግዛቶችም በዚህ ውሳኔ ተደግፈው በነጻ የሚያስተምሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አስፋፉ።

ሴቶች በትምህርት ቤት በር ገቡ

በአሜሪካ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብታቸው በሕገ መንግሥት የጸደቀው በ1920 ነው። በትምህርት ቤት ምርጫ ግን ብዙዎቹ ቀድመው ገብተዋል። ኬንታኪ በ1838 ባሎቻቸው ለሞቱባቸውና ንብረት ላላቸው አንዳንድ ሴቶች በትምህርት ቤት ጉዳይ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቀደች። ካንሳስ በ1861፣ ማሳቹሴትስ በ1879፣ ኒው ዮርክ በ1880 ተከተሉ።

በማሳቹሴትስ ኮንኮርድ በምትባል ከተማ ለመምረጥ መጀመሪያ የተመዘገበችው «ሊትል ዊመን» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈችው ሉዊዛ ሜይ አልኮት ናት። በ1880 እርሷና ሌሎች 19 ሴቶች ለትምህርት ቤት ኮሚቴ ድምፅ ሰጡ። ወንዶቹ ይህን መብት የፈቀዱት «የልጆች ጉዳይ የእናቶች ጉዳይ ነው» በሚል ነበር። ሴቶቹ ግን ከልጆቹ ጋር በጀቱንም አገኙት። ቦርድ የሚመርጥ ሰው መምህር በስንት እንደሚቀጠርና ግብሩ ምን ላይ እንደሚውል ይጠይቃልና።

ዛሬ እንዴት ይሠራል?

በኒው ዮርክ ዙሪያ ያለ አንድ ዲስትሪክት የሚመራው ነዋሪው በሚመርጠው የትምህርት ቦርድ ነው። የቦርዱ አባላት ጎረቤቶች ናቸው፤ ሐኪም፣ ነጋዴ፣ የቤት እመቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ደመወዝ የላቸውም። እነርሱ ሱፐርኢንቴንደንት የሚባል ዋና ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራሉ፤ የዕለት ሥራውን የሚያካሂደው እርሱ ነው። ቦርዱ መመሪያ ያወጣል፣ በጀት ያዘጋጃል፣ ሥራ አስኪያጁን ይቆጣጠራል።

በጀቱ በየዓመቱ በሜይ ወር ሦስተኛ ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት፣ ለነዋሪው ድምፅ ይቀርባል። ነዋሪው ሁለት ጊዜ ካልተቀበለው ዲስትሪክቱ ከአምናው ያለፈ ግብር መሰብሰብ አይችልም። በሀብታም ሠፈሮች ከበጀቱ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከቤትና ከቦታ ግብር ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ስም ሲኖረው የቤት ዋጋ ይጨምራል፤ የቤት ዋጋ ሲጨምር ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያገኛል። ቤቱ ርካሽ የሆነበት ጎረቤት ዲስትሪክት ግን ተመሳሳይ ግብር ጥሎ እንኳ ያነሰ ይሰበስባል። ግዛቱ በድጎማ ቢያግዝም ልዩነቱ አልጠፋም።

አሠራሩ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ በሕዝብ እንዲመረጥ የተፈቀደው በ1992 ነው፤ እዚያ ቦርዱ ራሱ ግብር መጣል አይችልም።

የሮዝሊን ነገር

ሮዝሊን ከኒው ዮርክ ከተማ በስተምሥራቅ፣ በሎንግ አይላንድ ያለ ሀብታም ሠፈር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ልጆች ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይገቡ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዶክተር ፍራንክ ታሶን በወላጆች ዘንድ የተወደደ ሰው ነበር። የገንዘብ ጉዳዩን የምትመራው ምክትሉ ፓሜላ ግሉኪን ነበረች።

በ2002 ግሉኪን ወደ 250 ሺህ ዶላር ገደማ እንደወሰደች ቦርዱ ደረሰበት። ምን አደረገ? ወደ ፖሊስ አልሄደም፤ ለነዋሪውም አልተናገረም። ገንዘቡን መልሳ በጸጥታ ሥራዋን እንድትለቅ ተደረገ። የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይጎድፍ፣ ነዋሪውም በጀቱን እንዳይጥል ተፈርቶ ነበር። ታሶንም ነገሩ በዝምታ እንዲያልፍ ይፈልግ ነበር።

በ2004 መጀመሪያ ስም ያልተጻፈበት ደብዳቤ መዞር ጀመረ። ተማሪዎች የሚያዘጋጁት «ሂልቶፕ ቢከን» የተባለው የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ጉዳዩን ከትልልቆቹ ጋዜጦች ቀድሞ ጻፈው። ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ጀመረ። በ2005 የግዛቱ ዋና የሒሳብ ተቆጣጣሪ አለን ሄቨሲ ባወጣው የኦዲት ሪፖርት በዓመታት ውስጥ የጠፋው 11.2 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ታወቀ። ገንዘቡ ለመኪና፣ ለጉዞ፣ ለቤት ዕዳ ጭምር ውሏል። ግሉኪን ወደ 4.3 ሚሊዮን፣ ታሶን ወደ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ወስደው ነበር። በ2006 እርሷ ከ3 እስከ 9 ዓመት፣ እርሱ ከ4 እስከ 12 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በዚያው የሒሳብ ክፍል ትሠራ የነበረች የግሉኪን የሥጋ ዘመድም ተፈርዶባታል። ታሪኩ «ባድ ኤጁኬሽን» በሚል ርዕስ ፊልም ሆኗል።

በእኔ ሙያ ዓይን ሲታይ እዚህ ላይ የተራቀቀ ስርቆት የለም። ወጪ የሚፈቅድ፣ ገንዘብ የሚከፍልና መዝገብ የሚይዝ ሰው የተለያየ መሆን አለበት፤ ይህ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። የሮዝሊን ቦርድ ውስጥ የተማሩ ሰዎች ሞልተው ነበር። የጎደለው ድፍረት ነው። እንዲህ ያለ የተከበረ ሰው ፊት ደረሰኝ መጠየቅ ከበዳቸው። በእኛ ቋንቋ ይሉኝታ ያዛቸው። አባቶቻችን «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ያሉት ለዚህ ነው።

ግዛቱ በ2005 አዲስ ሕግ አወጣ። አዲስ የሚመረጡ የቦርድ አባላት ስለ ገንዘብ አያያዝ 6 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስዱ፣ ዲስትሪክቶች የኦዲት ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ፣ የውጭ ኦዲተርም ከአምስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ በአዲስ ጨረታ እንዲመረጥ አዘዘ። የግዛቱ ተቆጣጣሪም ዲስትሪክቶቹን ሁሉ ኦዲት እንዲያደርግ ታዘዘ። የሚገርመው ሄቨሲ ራሱ በ2006 የመንግሥት ሠራተኞችን ለባለቤቱ ሹፌርነት በማሠራቱ ጥፋተኛነቱን አምኖ ከሥልጣን ለቀቀ። ተቆጣጣሪውንም የሚቆጣጠር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከዚህ ለእኛ የሚሆነው

ብዙዎቻችን በዕቁብና በዕድር ያደግን ነን። ዳኛውን እናምናለን፣ ጸሐፊውን እናምናለን። መተማመን ባይኖር ማኅበራችንም ባልተመሠረተ ነበር። ነገር ግን መተማመን የሚጸናው ሒሳብ ሲታይ ነው። ገንዘብ ያዥ የሆነች እህታችን በየጊዜው ሒሳቧ ሲመረመር የሚጠቀመው ማኅበሩ ብቻ አይደለም፤ እርሷም ከሐሜት ትድናለች። ንጹሕነቷ በወረቀት ይመሰክርላታል።

ለለጋሾቻችንም አንድ ነገር ልበል። ጉድለት የሚያሳይ ሪፖርት ሲደርሳችሁ ወዲያው አትሽሹን። የሮዝሊን ቦርድ ትንሹን ጉድለት የደበቀው ስሙን ለማዳን ብሎ ነው፤ በመጨረሻ ስሙም ገንዘቡም ሄደ። ጉድለቱን ራሱ አግኝቶ የሚነግራችሁ ማኅበር ነው የሚታመነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሒሳብ ሪፖርት ሲነበብ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህን ወጪ የፈቀደው ማን ነው? የከፈለውስ ሌላ ሰው ነው? ደረሰኙን ከሁለቱ ውጭ የሆነ ሰው አይቶታል? መልሱ ጥሩ ከሆነ እናመሰግናለን። ካልሆነ እዚያው እናስተካክላለን። ጠያቂዋ እህት አዲስ አባል ብትሆንም፣ ፊደል በቅርቡ የቆጠረች ብትሆንም፣ ጥያቄዋ መብቷ ነው፤ ማንም ሊቆጣት አይገባም።