የዩኒቨርሲቲ ምርምርን ወደ ንግድ ማሸጋገር

የዩኒቨርሲቲ ምርምርን ወደ ንግድ ማሸጋገር በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፣ በመስክ ጥናት ወይም በመመረቂያ ሥራ የተገኘን ዕውቀት ሰዎች ገዝተው ወደሚጠቀሙበት ምርት ወይም አገልግሎት የመለወጥ ሂደት ነው። ብዙ ጊዜ «የቴክኖሎጂ ሽግግር» በሚለው ስም ይጠራል። ሆኖም የቴክኖሎጂ ሽግግር ከውጭ አገር የመጣን ማሽን መልመድንና ማላመድንም ስለሚጨምር ትርጉሙ ከዚህ ይሰፋል። በኢትዮጵያ በጣም የሚታወቀው ምሳሌ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው የእንዶድ ምርምር ነው። ይህ ምርምር አንድ ግኝት ሳይንሳዊ ብቃቱ ሳያንስ ከገበያ ሊቀር እንደሚችል ስለሚያሳይ እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

የሂደቱ ደረጃዎች

አሠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም በአብዛኛው ተመሳሳይ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ተመራማሪው ግኝቱን ለዩኒቨርሲቲው ያሳውቃል። ዩኒቨርሲቲው ግኝቱ አዲስ መሆኑንና ገዢ ሊያገኝ መቻሉን ይመረምራል። ተስፋ ያለው ሆኖ ከተገኘ የፈጠራ ባለቤትነት መብት (ፓተንት) ማመልከቻ ይገባል። ቀጥሎ የሙከራ ናሙና ተሠርቶ ይፈተሻል፣ ይሻሻላል። በመጨረሻ ከሁለት መንገዶች አንዱ ይመረጣል። አንደኛው በሥራ ላይ ላለ ድርጅት የመጠቀም ፈቃድ ሰጥቶ ከሽያጩ ድርሻ መቀበል ነው። ሁለተኛው ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የሚሳተፉበት አዲስ ኩባንያ ማቋቋም ነው።

የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ስለሆነ፣ ማመልከቻ ሳይገባ ግኝቱን በጆርናል ማሳተም ወይም በጉባኤ ማቅረብ መብቱን ሊያሳጣ ይችላል። በሌላ በኩል የመምህራን የደረጃ ዕድገት በአብዛኛው የሚለካው በሚያሳትሙት ጽሑፍ ነው። በዚህ ምክንያት የተመራማሪው ጥቅምና የግኝቱ የንግድ ጥቅም አንዳንዴ ይጋጫሉ።

አንድ ግኝት ለአገልግሎት ምን ያህል እንደተቃረበ ለመለካት «የቴክኖሎጂ ዝግጁነት ደረጃ» የተባለ መለኪያ አለ። መለኪያውን ያዘጋጀው የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ሲሆን ከ1 እስከ 9 ይቆጠራል። 1 መሠረታዊ መርሁ የታወቀበት ደረጃ ነው፤ 9 ደግሞ ሥርዓቱ በእውነተኛው የሥራ ቦታ ተፈትኖ የሠራበት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው እስከ 3 ወይም 4 ድረስ ይሠራሉ። ኩባንያዎች ደግሞ 7 ወይም 8 የደረሰውን መግዛት ይመርጣሉ። መካከሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሲሆን ኃላፊነቱን የሚወስድ አካል ግን በግልጽ የለም። አብዛኛው ሥራ ቆሞ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

አመጣጡ

ዩኒቨርሲቲ ከግኝቱ ገቢ ማግኘት የጀመረው በቅርብ ጊዜ አይደለም። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የዩኒቨርሲቲውን ፓተንቶች የሚያስተዳድር ፋውንዴሽን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። አሠራሩ በስፋት የተለመደው ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ቤይ-ዶል የተባለው ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ሕጉ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ ባካሄዱት ምርምር ለተገኘ ፈጠራ ባለቤት እንዲሆኑ ፈቀደ።

ከታወቁት ውጤቶች አንዱ ጉግል ነው። የፍለጋ ሞተሩ መነሻ የሆነው ፔጅራንክ የተባለው ስልተ ቀመር የተሠራው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለነበር ፓተንቱ የዩኒቨርሲቲው ሆነ። ስታንፎርድ ለኩባንያው የመጠቀም ፈቃድ ሲሰጥ በምትኩ አክሲዮን ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2005 አክሲዮኑን ሸጦ ወደ 336 ሚሊዮን ዶላር አገኘ።

የእንዶድ ምርምር

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የሚበቅል ተክል ነው። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ነጠላና ጋቢ ለማጠብ ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው የወንዝ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተሐዋስ የዕድሜውን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀንድ አውጣውን መግደል የበሽታውን መተላለፊያ ይቆርጣል። ለዚሁ ተግባር ከውጭ የሚገባው ሰው ሠራሽ ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ምርት ነበር። እንዶድ ግን በየመንደሩ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአድዋ ለአምስት ዓመት በተካሄደ የመስክ ሙከራ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱን የምርምር ቡድኑ ዘገበ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው በማወዳደር «ዓይነት 44» የተባለውን ምርጥ ዝርያ ለዩ። በአሜሪካ በተካሄደ የኬሚስትሪ ጥናት ከፍሬው የተለየው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር በአክሊሉ ስም «ለማቶክሲን» ተባለ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ዘገየ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድን ለመቀበል ዓለም አቀፍ መስፈርት ያሟላ የመርዛማነት ምርመራ ያስፈልግ ነበር። ምርመራው ብዙ ወጪና በልዩ ደንብ የሚሠራ ቤተ ሙከራ ይጠይቃል። በአገር ውስጥ ሁለቱም አልነበሩም። እንዶድ ማንም በጓሮው ሊያበቅለው የሚችል ተክል ነው። ስለዚህ የምርመራውን ወጪ የሚሸፍን ኩባንያ ትርፉን ለራሱ ብቻ ለማስቀረት ይቸግረዋል። ምርመራው በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተካሄደው ዘግይቶ ነው። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ወጣ። የቢልሃርዚያ ቁጥጥርም ቀንድ አውጣ ከመግደል ይልቅ በሽተኛን ወደ ማከም አዘነበለ። አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ይሁንና እንዶድ እስከዚያ ድረስ በሰፊው የሚሸጥ ምርት አልሆነም ነበር።

በዚሁ ጊዜ ዜብራ መስል የተባለ ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል የውኃ እንስሳ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተዛምቶ የውኃ ቧንቧዎችን ይዘጋ ጀመር። በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በዚህ አጠቃቀም ላይ የአሜሪካ ፓተንት አገኘ። ፓተንቱ ተክሉን ሳይሆን አንድ የአጠቃቀም ዘዴን የሚመለከት ነበር። ቢሆንም የእንዶድን ጥቅም ጠብቀው ያቆዩት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና ልብስ አጣቢ ሴቶች ከሚገኘው ገቢ ምን ይደርሳቸዋል የሚለው ጥያቄ ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሣ።

የጤፍ ጉዳይ

ተመሳሳይ ጥያቄ በጤፍም ላይ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን ለመጠቀምና ጥቅሙን ለመጋራት ተስማሙ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ ፓተንት ካገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ የጠበቀችውን ጥቅም አላገኘችም። ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ባለቤት ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት በሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች መካከል በተነሣ ክርክር የኔዘርላንዱን ፓተንት ዋጋ አሳጣው። ዋናው ምክንያት ዘዴው ለፓተንት የሚበቃ የፈጠራ ብቃት የለውም የሚል ነበር።

የኢትዮጵያ ሕግ

የፈጠራ ባለቤትነት በኢትዮጵያ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። በአዋጁ መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል። ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። የፓተንትን ከፍ ያለ መስፈርት ለማያሟሉ ነገር ግን አዲስና ጠቃሚ ለሆኑ ሥራዎች «የአነስተኛ ፈጠራ» ሰርተፊኬት አለ። ማመልከቻው የሚቀርበው ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲቋቋም ጽሕፈት ቤት ይባል ነበር።

የኮምፒውተር ፕሮግራም በዚህ አዋጅ ፓተንት አይሰጠውም። ጥበቃ የሚያገኘው በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ሌላ ሰው ያንኑ ሐሳብ በራሱ ኮድ ቢሠራ በቅጂ መብት መክሰስ አይቻልም። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን በሚመለከት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ቀድሞ ፈቃድ ማግኘትንና ጥቅም መጋራትን ያዛል።

የመምህርና የተማሪ ሥራ ባለቤትነት

ተቀጣሪ በሥራ ውሉ መሠረት የፈጠረው ነገር ሌላ ስምምነት ከሌለ የቀጣሪው እንደሚሆን አዋጁ ይደነግጋል። ስለዚህ መምህር በተመደበበት ምርምር ያገኘው ፈጠራ በመርህ ደረጃ የዩኒቨርሲቲው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ አይደለም። በመመረቂያ ፕሮጀክት የተሠራ መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር የማን እንደሆነ በአብዛኛው የሚወሰነው ተቋሙ ባለው የአእምሯዊ ንብረት ፖሊሲና ተማሪው በፈረመው ሰነድ ነው። አንድ ፕሮጀክት የብዙ ተማሪዎችና የአማካሪ መምህር ሥራ ሲሆን የእያንዳንዱ ድርሻ ከጅምሩ በጽሑፍ ካልተለየ፣ ኋላ ኩባንያ ለማቋቋም ወይም ባለሀብት ለማሳመን ያስቸግራል።

አቃቂ ቃሊቲ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በቃሊቲ ማረሚያ ቤትና በጉምሩክ ጣቢያው ነው። ከከተማዋ ቀደምት የፋብሪካ ሠፈሮችም አንዱ ነው። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የመለዋወጫና የምግብ ፋብሪካዎች በአካባቢው ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውም በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። የቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው።

ይህ ጉርብትና ለሽግግሩ አመቺ ነው። ፋብሪካ የተሰበረ መለዋወጫን አስመስሎ ማሠራት፣ የኃይል ብክነትን መቀነስ ወይም ፍሳሹን ማጣራት ሲፈልግ ችግሩ ለተማሪ የመመረቂያ ርዕስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሥራ ከጅምሩ ተጠቃሚው የታወቀ ስለሆነ ገዢ ፍለጋው ይቀላል። መቀራረቡ ብቻውን ግን አይበቃም። ተማሪው ለልምምድ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው፤ ፋብሪካውም ያልተፈተነ ዕቃ በማምረቻ መስመሩ ላይ ለመሞከር ሥራ ማቆም አይፈልግም። በእንዶድ እንደታየው በዚህም ጉዳይ ወሳኙ ጥያቄ ከናሙናው እስከ መጨረሻው ፍተሻ ያለውን ወጪና ኪሳራ ማን ይሸከማል የሚለው ነው።