የሰዓታችን ታሪክና የኮምፒዩተር መዝገብ

የሰው ልጅ ጊዜን ለመለካት የደከመው ድካም ረጅም ታሪክ አለው። በአገራችንም አባቶቻችን ጥላን በጫማ እየለኩ ሰዓቱን ያውቁ ነበር፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ቀንና ሌሊቱን በ60 ኬክሮስ ከፍለው ይቆጥራሉ፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ መሆኑ ነው። ዛሬ ግን ለብዙዎቻችን ሰዓት የሚቆጥርልን በኪሳችን ያለው ስልክና በጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የእኛን ሰዓት ከማን ተማሩት? የተማሩትስ እውነት ነውን? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ከታሪካችን ጋር አያይዞ ማስረዳት ነው።

እንደሚታወቀው ፀሐይ ለሁሉም አገር በአንድ ጊዜ አትወጣም። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ለአንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይደርሰዋል። ደሴ ከአዲስ አበባ ወደ አንድ ዲግሪ ለሚጠጋ ርቀት ወደ ምሥራቅ ያለች በመሆኗ፣ ፀሐይ በደሴ አናት ላይ የምትደርሰው 3 ደቂቃ ተኩል ያህል ቀድማ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ደሴን በጥቂት ሴኮንዶች ትቀድማለች። ኢትዮጵያ ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ 15 ዲግሪ ያህል ስለምትሰፋ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ይሞላል። ሰው በእግርና በበቅሎ በሚጓዝበት ዘመን ይህ ልዩነት ማንንም አልጎዳም ነበር። ባቡርና ቴሌግራፍ ከመጡ በኋላ ግን እያንዳንዱ ከተማ በየራሱ ፀሐይ መተዳደሩ አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ በ1884 እ.ኤ.አ. የ25 አገሮች መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው፣ አብዛኞቹ የእንግሊዝ አገሩ ግሪኒች የዓለም መነሻ መስመር እንዲሆን ተስማሙ። አገሮችም ቀስ በቀስ የሰዓት ክልል ያዙ። የኢትዮጵያ ሰዓት ከግሪኒች በ3 ሰዓት ይቀድማል። ይህም የ45ኛው ዲግሪ ሰዓት ስለሆነ፣ በደሴ እውነተኛው እኩለ ቀን በአማካይ 6 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ላይ ነው።

ኮምፒዩተር ግን ፀሐይን አያይም። አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች የሚያውቁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. በግሪኒች እኩለ ሌሊት ከሆነበት ቅጽበት ወዲህ ያለፉት ሴኮንዶች ድምር ነው። ያ ቅጽበት በደሴ ታኅሣሥ 22 ለ23 አጥቢያ 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ቁጥሩ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ወደየአገሩ ሰዓት የሚለወጠው የየአገሩን ደንብ በያዘ መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን፣ ፖል ኤገርት የተባለው ሊቅ ከሌሎች ጋር እያረመ ይጠብቀዋል። በዓለም ላይ ያሉ እጅግ ብዙ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች የሚመሩት በዚሁ መዝገብ ነው።

እንግዲህ መዝገቡ ስለ እኛ ምን ይላል? በቆየው ክፍሉ የአዲስ አበባ ሰዓት ከግሪኒች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይቀድም እንደነበረና፣ ሜይ 5 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ወደ 3 ሰዓት እንደተለወጠ ተጽፏል። ይህ ቀን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ማለት የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው። ጦሩ የተነሣው ደግሞ ከእኛው ከተማ ነበር። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ሚያዝያ 7 ቀን ተያዘች፤ ሚያዝያ 18 ቀን የማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት ከደሴ ተነሥቶ በዘጠነኛው ቀን ዋና ከተማው ደረሰ። በመዝገቡ መሠረት ሰዓታችንን የለወጠው ይህ ወረራ ነው። ነገር ግን የመዝገቡ ጠባቂዎች ራሳቸው፣ ይህ መረጃ የተገኘበት መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ የሚለው ስሕተት ሳይሆን እንደማይቀር በዚያው ላይ አስፍረዋል። መጽሐፉ ለኮከብ ቆጣሪዎች የተዘጋጀ ነበርና።

ከዚህም የባሰ አለ። መዝገቡ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነውን ከተሞች በአንድ ስም ስለሚያጠቃልል፣ በዋናው ክፍል አዲስ አበባ የናይሮቢ ተከታይ ሆናለች። ለዛሬው ሰዓት ይህ ምንም አያጎድልም። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱበትን የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሰዓት ብንጠይቀው፣ በዋናው ክፍል ብቻ የሚመራ ኮምፒዩተር በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በኬንያ ይሠራበት የነበረውን 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሰጠናል። የነጻነታችን ዕለት በሌላ አገር ሰዓት ይቆጠራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የሰዓት አጠራራችን ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱንም ከምሽት ጀምረን እስከ 12 እንቆጥራለን። በብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ውስጥ 13 ወር ያለው የዘመን አቆጣጠራችን ገብቷል፤ የሰዓት አቆጣጠራችን ግን በመዝገቡ ውስጥ ከአንድ ማስታወሻ በቀር ስፍራ የለውም። ምክንያቱም ይህ የአጠራር ልዩነት እንጂ የሰዓት ክልል ልዩነት አይደለም። ከወሎ ሄደው በጅዳ የሚሠሩ ወገኖቻችን ከእኛ ጋር በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ሆኖም «በ2 ሰዓት ደውይ» የሚለው ቃል በሁለቱ አገር አጠራር 6 ሰዓት ይለያያል። ይህን ለማቃናት ስልኩን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው ትክክለኛውን ቅጽበት ያፋልሳል። በብራዚል ሰዓት ክልል የሚሞላውም ቁጥሩ ይገጥምለታል፤ ነገር ግን እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ብራዚል በየዓመቱ በበጋዋ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ትገፋ ስለነበረ የእሱም ስልክ አብሮ ይገፋ ነበር።

የሰዓት ደንብ የሰው ውሳኔ መሆኑን ለማየት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሊባኖስን መመልከት ይበቃል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መንግሥቷ ሰዓቱ ወደ ፊት የሚገፋበትን ቀን ጥቂት ቀን ሲቀረው በድንገት አዘገየ፤ ብዙዎች ግን ትእዛዙን አልተቀበሉም። ለጥቂት ቀናትም አንዲት ትንሽ አገር በሁለት ሰዓት ስትተዳደር ሰነበተች፤ ስልኮችም እርስ በርሳቸው ተለያዩ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ እንደሚገባ ነው፤ እነርሱም ቅጽበቱ፣ የአገሩ ደንብና የሕዝቡ አጠራር ናቸው። ነገ ፕሮግራም የሚጽፉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቅጽበቱን ሳይነኩ አጠራሩን በአማርኛ ቢያወጡ፣ «ከቀኑ» እና «ከሌሊቱ» የሚሉትንም ቃላት ባይዘነጉ፣ ለገበሬውም ለነጋዴውም ታላቅ አገልግሎት ይሆናል። ታሪክ የሚማሩትም የቆዩ ጋዜጦችን፣ የቴሌግራም ወረቀቶችንና የመንግሥት ማስታወቂያዎችን መርምረው የሰዓታችንን እውነተኛ ታሪክ በማስረጃ ያቅርቡ። መዝገቡ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው፤ ማስረጃ ይዞ የመጣ ሰው ይሰማል። የራሳችንን ሰዓት ታሪክ እኛ ካልጻፍነው፣ ሌላው እንደ መሰለው ጽፎልን ይኖራል።