ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃና የጾመኛው ማዕድ፤ ስለ ከባድ ብረታትና ስለ ምግብ ደኅንነት

መግቢያ

ከሲግናል ሰፈር ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የየካንና የእንጦጦን ተራሮች በባሕር ዛፍ ተሸፍነው ያያቸዋል፤ ይህም ጋራ ለአዲስ አበባ ግርማና ጥላ ከመሆኑ በላይ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች መለያያ ነውና፣ በሰሜን ጀርባው የወረደው ዝናም ወደ ዓባይ ሲጓዝ፣ በደቡብ ፊቱ የወረደው ግን በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በቀጨኔና በሌሎቹም ጅረቶች ከተማውን ሰንጥቆ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይደርሳል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል እንጂ ባሕር አይገባም። ስለዚህ በመዲናይቱ ወደ ወንዝ የተጣለው ብረት ሁሉ ከአገር የሚወጣበት በር የለውም፤ በደለሏና በአፈሯ፣ በቅጠሏና በከብቷ ውስጥ ይቀራል።

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው፤ ይኸውም በሥጋና በቅጠል ውስጥ የተዋሐደ ከባድ ብረት በማዕድ ቤት በመታጠብም ሆነ በመቀቀል የማይወገድ ስለ ሆነ፣ የምግብ ደኅንነት ጥበቃ ከምንጩ መጀመር እንዳለበት ነው።

የብረታቱ ጠባይ

ተሐዋስያን በእሳት ይሞታሉ፤ ብዙው መርዝም በጊዜ ብዛት ይፈርሳል። እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪን የመሳሰሉት ከባድ ብረታት ግን በጠባያቸው የማይፈርሱ ንጥረ ነገሮች ናቸውና ከአፈር ወደ ሥር፣ ከሥር ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳም ወደ ሰው ይተላለፋሉ እንጂ አይጠፉም። እርሳስ ካልሲየምን ስለሚመስል በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይከማቻል፤ እናት በጸነሰችም ጊዜ ከካልሲየሙ ጋር ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ካድሚየም በኩላሊት ከተቀመጠ በኋላ እኩሌታው እንኳ ለመውጣት ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ዐዋቂ ሰው ከበላው እርሳስ ወደ ደሙ የሚገባው ከመቶ 10 እጅ ያህሉ ሲሆን፣ የሕፃን አካል እስከ እኩሌታው ሊቀበል ይችላል፤ አይረንና ካልሲየም የጎደለው ሕፃን ደግሞ ከዚህም አብልጦ ይቀበላል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሰው በሳምንት ቢበላው አይጎዳውም ተብሎ ለብዙ ዘመን ይጠቀስ የነበረውን የእርሳስ መጠን፣ ማለት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 25 ማይክሮግራም፣ ጤናን አያስጠብቅም ብሎ ሽሮታል። በጃፓን አገር በጂንዙ ወንዝ ዳርቻ የኖሩ ገበሬዎች ከማዕድን ማውጫ የወረደ ካድሚየም ባለበት ውሃ ሩዛቸውን አጠጥተው፣ ያንኑም እየተመገቡ ኖረው፣ አጥንታቸው እየተሰባበረ በጽኑ ሕማም ተሠቃይተዋል፤ የበሽታውን ምክንያት መንግሥት በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር።

ስለ ዱር እንስሳ ሥጋ

ከባድ ብረት ወደ ማዕድ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ሥጋ ነው። በኢትዮጵያ ሥርዓተ ክርስትና የሚበላና የማይበላው እንስሳ ተለይቶ የታወቀ ነው፤ የሚያመሰኳውና ሰኮናው የተሰነጠቀው ይበላል፣ ሞቶ የተገኘው ግን አይበላም፤ አዳኙም ድኩላውን ወይም ሚዳቋውን በጥይት ከጣለ በኋላ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ያርደዋል። ይህ ሥርዓት ለሥጋ ንጽሕና የተጉ አበው የሠሩት ነውና የሚከበር ነው። የዘመኑ ምርምር በዚህ ላይ የሚጨምረው ሁለት ጥያቄ ነው፤ እንስሳው ምን ሲበላ ኖረ? የገደለውስ ጥይት ከምን ተሠራ?

የእርሳስ ጥይት አጥንት ሲመታ እጅግ ደቃቅ ወደ ሆኑ ፍንጣሪዎች ይበተናል፤ ፍንጣሪዎቹም ከቁስሉ ርቀው በዓይን በማይታይ መጠን በሥጋው ውስጥ ይሠርጋሉ። ዴንማርክ ከእርሳስ የተሠሩ የወፍ ማደኛ ጥይት ፍሬዎችን እ.ኤ.አ. በ1996 ከልክላለች፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ፈጽማ አግዳለች። ፊንላንድ ደግሞ ካድሚየም በዕድሜ ስለሚከማች፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ያለፈ የታላቁን የዱር አጋዘን ጉበትና ኩላሊት ዜጎቿ እንዳይበሉ ትመክራለች።

በአገራችን የዱር እንስሳት በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚጠበቁ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘውም የምኒልክ ድኩላ ለአዲስ አበባ ሰው ማዕድ የሚቀርብ አይደለም። የፊንላንድ ምክር ግን ለከብት ሥጋችንም ትምህርት አለው፤ ምክንያቱም ዱለትና ጥሬ ጉበት የሚወድ ሕዝብ፣ በተበከለ ወንዝ ዳር ሣር ግጦና ውሃ ጠጥቶ ያረጀ በሬ በጉበቱና በኩላሊቱ ምን እንደ ተሸከመ መመርመር ይገባዋል።

የወንዝ ዳር ቅጠል

የእኛ ዋነኛ ጉዳይ ግን ከሥጋ ይልቅ ቅጠል ነው። ሰባቱን አጽዋማት፣ ረቡዕና ዓርብንም ጨምሮ የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ተለይቶ ይኖራልና፣ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ለእርሱ የዕለት ምግቡ ናቸው። በሾላ ገበያ ጉልት ላይ የተቀመጠችው እናት እስር ጎመኗን እንዳይጠወልግ ውሃ ስታርከፈክፍበት፣ ገዢዋም እቤቷ ወስዳ በአቼቶ ወይም በሎሚ ዘፍዝፋ ስታጥበው፣ አቧራው ይወርዳል፣ ተሐዋስያኑም ይቀንሳሉ፤ በሥሩ በኩል ወጥቶ ከቅጠሉ ጋር የተዋሐደው ካድሚየም ግን ስንፍጥ አይደለምና በሎሚ አይበርድም።

ከአዲስ አበባ አትክልት ከፊሉ በአቃቂ ወንዞችና በገባሮቻቸው ውሃ ይለማል። ተመራማሪው ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ባወጡት ጥናት በቄራና በፒኮክ እርሻዎች የበቀሉትን ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ መርምረው፣ ከሦስቱ ብረታትን በትንሹ ያከማቸው ጥቅል ጎመን መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ግኝት ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ሁሉ እኩል እንደማይበከል ያስተምረናልና ለገበሬው ምክር ይሆናል።

ብረታቱ ወደ ወንዝ የሚገቡበት መንገድ ስውር አይደለም። በቆዳ ማልፋት ሥራ በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከተጨመረው ክሮሚየም ከ60 እስከ 70 ከመቶ ያህሉን ሲሆን፣ የቀረው ካልተጣራ ከእጣቢው ጋር ይወርዳል። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይቱን፣ ላቫጆው እጣቢውን ወደ ቦይ ሲለቅ፣ ያረጀ የመኪና ባትሪም በየሰፈሩ ሲፈታ አሲዱ ከነእርሳሱ ወደ መሬት ሲደፋ፣ የክረምት ጎርፍ ሁሉንም ጠርጎ ወደ ቁልቁል ይወስደዋል። ለመስኖ ውሃ የሚመከረው ጣሪያ በሊትር 0.1 ሚሊግራም ክሮሚየምና 0.01 ሚሊግራም ካድሚየም ነው፤ ለቅጠላ ቅጠል ምግብም ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በኪሎ ግራም 0.3 ሚሊግራም እርሳስና 0.2 ሚሊግራም ካድሚየም ወስኗል። እነዚህ ቁጥሮች እጅግ ጥቂት መስለው የሚታዩት፣ የሚበላው ሰው በየዕለቱና ዕድሜውን ሙሉ የሚበላ መሆኑ ታስቦ ስለ ተወሰኑ ነው።

ሕጉና አፈጻጸሙ

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶታል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከታትለው ወጥተዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ወንዞችን የማልማት ሥራም የከተማውን ወንዞች ከተረሱበት አውጥቷቸዋል። ነገር ግን የዳርቻው ውበት ለውሃው ንጽሕና ዋስ ሊሆን አይችልም፤ ደለሉና ቅጠሉ በየወቅቱ ተመርምሮ ውጤቱ ለሕዝብ ሲገለጥ ብቻ ሕጉ ሥጋ ለበሰ ይባላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። እጣቢ ያለበት ድርጅት ሁሉ ከደጁ ሳያልፍ አጣርቶ ይልቀቅ፤ ያረጀ ባትሪ ከቆራሌው እጅ ወደ ታወቀ መሰብሰቢያ የሚደርስበት ሥርዓት ይዘርጋለት። ገበሬው ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበትን ማሳ ተነጥቆ ከሚባረር፣ ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ይሰጠው፤ ኖራና ብስባሽ የአፈሩን ኮምጣጣነት ቀንሰው ካድሚየም ወደ ሥር እንዳይገባ እንደሚያግዱ ይማር፤ እጅግ በተበከለውም መሬት ላይ ከቆስጣና ከሰላጣ ይልቅ የማይበላ ተክል እንዲያለማ ይደገፍ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን በእንጦጦ ግርጌ፣ በየካና በሲግናል ያለን የላይኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች ወደ ቦይ የምንደፋው ነገር በታችኛው ጎረቤታችን ማሳ በቅሎ በሾላ ጉልት በኩል ወደ ገዛ ማዕዳችን እንደሚመለስ ማወቅ አለብን፤ ስለ ነፍሱ ሥጋን ትቶ ቅጠል የመረጠ ጾመኛ፣ የመረጠው ቅጠል ንጹሕ እንዲሆንለት የመጠየቅ መብት አለው፤ መልስ የመስጠቱም ዕዳ ከሁሉ አስቀድሞ በእኛ ላይ ነው።