ከአሞሌ ጨው እስከ ቴሌብር

የገንዘብን ታሪክ ስንመረምር የነጋዴውን ታሪክ እናገኛለን። አባቶቻችን በአሞሌ ጨውና በማርያ ትሬዛ ብር ይገበያዩ ነበር። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ኋላ የወረቀት ገንዘብ ባወጣ ጊዜ፥ ብር የለመደው ሕዝብ ወረቀቱን ቶሎ አላመነውም።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም በስልክ የሚከፈለውን ቴሌብርን አመጣ። በሰፈራችን በቀበናም ባለሱቁ ዝርዝር ፍለጋ ከመሮጥ ብዙ ዐረፈ። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር አነስተኛ ብድር ያለ መያዣ መስጠት ስለ ተጀመረ፥ ቤትና ዋስ ለሌለው ነጋዴ የስልኩ ሒሳብ ምስክር ሆነለት።

ይሁን እንጂ አሞሌን እጅ ይመዝነው ነበር፤ ብርን ዓይን ይለየው ነበር፤ ይህ አዲሱ ገንዘብ የሚታወቀው በንባብ ነው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ወይም በጉሊት ሽንኩርት የምትሸጥ ያልተማረች እናት፥ የተላከላትን ለማወቅ ስልኳንና ምሥጢር ቁጥሯን ለሌላ ሰው ለመስጠት ትገደዳለች። አታላይ ቢያጋጥማት የቀን ድካሟ በደቂቃ ይጠፋል።

ስለዚህ እኛ ፊደል የቆጠርን ተማሪዎች ወደ ቤታችን ስንገባ ቁጥሩንና መልእክቱን ማንበብ ለእናቶቻችን ልናስተምራቸው ይገባናል፤ በእነርሱ ድካም ተምረናልና።