የሞርሞንና የካቶሊክ ልዩነት በቅዱሳት መጻሕፍት፣ በራእይና በሥልጣን

በአዲስ አበባ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም «ሞርሞን» የሚባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ምእመናን አሏቸው። የኢትዮጵያ ካቶሊክ በግዕዝ ሥርዓት ይቀድሳል፤ ሞርሞኖች ግን በአገሩ የተደራጁት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1985 ረሃብ ጊዜ አሜሪካ ያሉ ሞርሞኖች ጾመው ካዋጡት ገንዘብ ከፊሉ የመጣው በካቶሊክ የእርዳታ ድርጅት በኩል ነበር።

የልዩነታቸው ሥር ራእይ ነው። በካቶሊክ ትምህርት ለቤተ ክርስቲያን ሁሉ የተሰጠው ራእይ በሐዋርያት ዘመን ተፈጽሟል። መጽሐፍ ቅዱሱ 73 መጻሕፍት አሉት (የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ 81 ይቆጥራል)። ጳጳሳት ከሮማው ፓፓ ጋር ሆነው ከትውፊት ጋር ይተረጕሙታል እንጂ አይጨምሩበትም።

ሞርሞኖች በበኩላቸው የሐዋርያት ሥልጣን ከምድር ጠፍቶ በጆሴፍ ስሚዝ በኩል እንደተመለሰ ያምናሉ። በ1830 የታተመው መጽሐፈ ሞርሞን፣ «ትምህርትና ቃል ኪዳኖች» እና «የታላቅ ዋጋ ዕንቁ» ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ይቆማሉ። ፕሬዚዳንታቸው ነቢይ ነው፤ አዲስ ራእይ ሊቀበል ይችላል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የ1978ቱ ውሳኔ ያሳያል። እስከዚያ ዓመት አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ጥቁር ወንዶች ክህነት አይሰጣቸውም ነበር፤ ስለዚህ አጥቢያ መምራትም አይችሉም። ክልከላው በራእይ መነሣቱ በፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምቦል ዘመን ታወጀ፤ አዋጁም ከቅዱሳት መጻሕፍታቸው ተካተተ። በካቶሊክ ዘንድ ጉባኤም ሆነ ፓፓ የሚያወጣው ውሳኔ፣ የቱንም ያህል ቢከብር፣ ቅዱስ መጽሐፍ አይሆንም።

በ2001 ቫቲካን በሥላሴ ትምህርት ልዩነት ምክንያት የሞርሞን ጥምቀት ዋጋ እንደሌለው ወሰነች። ሞርሞኖችም የካቶሊክን ጥምቀት አይቀበሉም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው እንደገና ይጠመቃል።